እጄ ይንቀጠቀጣል፤ ጥቃቅኖቹን ኤስኤምዲ ክፍሎች መበየድ እችላለሁ?

ጥያቄ፦ «ሰላም ኢንጂነር። ኤሌክትሮኒክስ በትርፍ ጊዜዬ ነው የምሠራው። ረጃጅም እግር ያላቸውን ክፍሎች ያለ ችግር እበይዳለሁ። አሁን የመጀመሪያውን የኤስኤምዲ ቦርዴን (ክፍሎቹ በቀዳዳ ሳያልፉ ላዩ ላይ የሚበየዱበትን) ጀምሬ ተቸገርኩ። 0603 የሚባል መጠን ያላቸው ሬዚስተሮች ከሶልደሪንግ አይረኑ (ከመበየጃው) ጋር ተጣብቀው ይነሱብኛል። የአይሲው (የቺፑ) ፒኖች የሚራራቁት በ0.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ እርስ በርሳቸው ተያያዙ። መርፌ የመሰለ ቀጭን ጫፍ ገዝቼ ሙቀቱን 420 ዲግሪ አደረስኩት፤ ምንም አልተሻለም። እንዲያውም የአይሲው አንድ ፓድ (ፒኑ የሚበየድበት የመዳብ ቦታ) ከቦርዱ ተላቀቀ። እጄም ትንሽ ይንቀጠቀጣል። ይህ ሥራ ለኔ አይሆንም ማለት ነው? ወይስ ሆት ኤር (ትኩስ አየር የሚነፋ መበየጃ) ልግዛ?»

ምላሽ፦

ሰላም ወንድሜ። ይሆንልሃል። ከጻፍከው ሁሉ ያሳሰበኝ እጅህ አይደለም፤ መርፌው ጫፍና 420 ዲግሪው ነው። አንድ ነገር ደግሞ ጭራሽ አላነሳህም፤ ፍላክስ፣ ማለትም ብረቱን አጽድቶ ሶልደሩ እንዲዘረጋ የሚያደርገው ቅባት። እነዚህን ሦስቱን ካስተካከልክ እጅህ የሚሠራው ሥራ አሁን ከምታስበው በጣም ያነሰ ሆኖ ታገኘዋለህ።

ለምን እንደዚያ እንደምል ላስረዳህ። ጥቃቅን ክፍሎችን ቦታቸው ላይ የሚያስቀምጠው የእጅ ጥንቃቄ ብቻ አይደለም። ዋናውን ሥራ የሚሠራው የቀለጠው ሶልደር (ቀልጦ የሚያያይዘው ብረት) ነው። የቀለጠ ሶልደር ጠንካራ የገጽ ውጥረት አለው። ንጹህ መዳብ ሲያገኝ ይዘረጋል፤ የነካውን ብረት ሁሉ ወደ ራሱ ይስባል። አሁን ልኬቱን አስብ። የአንድን ክፍል ርዝመት፣ ስፋትና ቁመት በግማሽ ብታሳንስ ክብደቱ ወደ ስምንተኛ እጅ ይወርዳል። የሶልደሩ ጉተታ ግን የሚቀንሰው በግማሽ ብቻ ነው። ስለዚህ ክፍሉ ባነሰ ቁጥር ሶልደሩ የበለጠ ያዝበታል። 0603 ሬዚስተር ሁለቱም ፓዶቹ እኩል ቀልጠው ካገኘ፣ ትንሽ ተጣሞ ቢቀመጥ እንኳ ራሱ ዞሮ ይስተካከላል። ያንተ ድርሻ ወደ ቦታው ማቅረብና ለሶልደሩ ሁኔታውን ማመቻቸት ነው።

ሬዚስተሮቹ ከአይረኑ ጋር የሚነሱትም በዚሁ ኃይል ነው። ሶልደር የሚሄደው ወደ ሞቀውና ወደ ጸዳው ብረት ነው። ያንተ ፓድ ቀዝቃዛ ነው፤ ላዩ ላይ የኦክሳይድ ስስ ሽፋን አለበት። የአይረኑ ጫፍ ደግሞ ትኩስ ነው፤ ሶልደርም ለብሷል። ሬዚስተሩ በመሃል ሲገባ ማን ይወስደዋል? አይረኑ። ፓዱ በደንብ ከሞቀና ፍላክስ ከጠጣ ክፍሉን አይለቅም።

ወደ ጫፉ እንምጣ። ለትንሽ ክፍል ትንሽ ጫፍ መፈለግ ትክክል ይመስላል። ብዙ ሰው እንዳንተው ነው የሚያስበው። ነገር ግን ጫፉ ሥራው ሙቀት ማድረስ ነው። መርፌ የመሰለው ጫፍ አንገቱ ቀጭን ስለሆነ ሙቀቱ ከውስጥ ቶሎ አይደርስም። ፓዱን የሚነካውም በአንዲት ነጥብ ብቻ ነው። ሶልደሩ አልቀልጥ ሲልህ ሙቀቱን ጨመርክ። 420 ላይ ደግሞ ፍላክሱ ሥራውን ሳይጨርስ ይቃጠላል፣ ጫፉ ይጠቁርና ሶልደር አልቀበል ይላል። መዳቡን ከቦርዱ ጋር ያያዘው ሙጫም ይላላል። ፓድህ የተላቀቀው በዚህ ነው ብዬ አምናለሁ፤ በተለይ ሲሞቅ ገፋ ገፋ አድርገኸው ከሆነ።

መርፌውን አስቀምጠውና እንደ መሮ ጠፍጣፋ የሆነ፣ ከ1.5 እስከ 2.4 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ጫፍ ተጠቀም። ለ0603 ይበዛል እንዳትል። ጎኑን ወይም አንዱን ጥግ ብቻ ማስነካት ትችላለህ፤ ሙቀቱ ግን ከሙሉው ብረት ይመጣልሃል። እኔ ለአብዛኛው ሥራ የማነሳው እሱን ነው።

ሙቀቱን በሶልደሩ ዓይነት ወስን። 63 በመቶ ቆርቆሮና 37 በመቶ እርሳስ ያለው ሶልደር 183 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ይቀልጣል። ለእሱ አይረኑን ከ320 እስከ 340 አድርገው። እርሳስ የሌለው የተለመደው ዓይነት 96.5 በመቶ ቆርቆሮ፣ 3 በመቶ ብርና 0.5 በመቶ መዳብ አለው። የሚቀልጠው ከ217 እስከ 220 ባለው ነው። ለእሱ ከ350 እስከ 370 በቂ ነው። ጫፉ ፓዱ ላይ የሚቆየው ከአንድ እስከ ሦስት ሰከንድ ይሁን። በሦስት ሰከንድ ካልቀለጠ ሙቀት አትጨምር። ጫፉን አጽዳ፣ ትንሽ አዲስ ሶልደር አስነካው፣ ፍላክስ ጨምር፣ እንደገና ሞክር። ያም ካልሠራ ሰፋ ያለ ጫፍ ቀይር።

እጁ ለሚንቀጠቀጥ ሰው እኔ 63/37ን ነው የምመርጥለት። ምክንያቱም ከፈሳሽ ወደ ጠጣር የሚለወጠው በአንድ ጊዜ ነው። 60/40 የሚባለው ግን በመሃል ጥቂት ዲግሪ ያህል እንደ ሊጥ ሆኖ ይቆያል። በዚያች ቅጽበት ክፍሉ ከተነቃነቀ ብየዳው ይሻክራል፤ አንዳንዴም ውስጡ ይሰነጠቃል። የሶልደሩን ሽቦ 0.5 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ የቀጠነ ግዛ። ወፍራም ሽቦ ለአንድ ፓድ ከሚያስፈልገው እጥፍ ድርብ ያፈስብሃል።

አሁን ፍላክስ። ብዙ ላወራበት ነው፤ ምክንያቱም ጀማሪ የሚቸገርበት አብዛኛው ነገር እዚህ ይፈታል። መዳብም ሶልደርም አየር ሲነካቸው ኦክሳይድ ይሠራሉ። ሶልደር በኦክሳይድ ላይ አይዘረጋም፤ ድቡልቡል ብሎ ይቀራል። ፍላክስ ሲሞቅ ያንን ሽፋን ያነሳዋል፤ እስኪቀዘቅዝም ብረቱን ከአየር ይከልለዋል። «ሽቦው ውስጥ ፍላክስ አለ አይደል?» ትለኝ ይሆናል። አለ። እግር ያለውን ክፍል ስትበይድ ሽቦውን በቀጥታ መገጣጠሚያው ላይ ስለምታቀልጠው ያ ይበቃሃል። በኤስኤምዲ ግን ብዙ ጊዜ ሶልደሩን በአይረኑ ጫፍ ተሸክመህ ነው የምትሄደው። ጫፉ ላይ ያለው ፍላክስ በአንድ ሁለት ሰከንድ ውስጥ ጨሶ ያልቃል። ፓዱ ጋ ስትደርስ የያዝከው ደረቅ ሶልደር ነው። ደረቅ ሶልደር ሲነሳ እንደ ጭራ ይጎተታል፣ ፒን ከፒን ያያይዛል፣ አይዘረጋም። ያየኸው ሁሉ ይኸው ነው።

ስለዚህ ለብቻው ፍላክስ ያዝ። በሲሪንጅ የሚመጣው ጄል ይመረጣል፤ ክፍሉንም ቦታው ላይ ትንሽ ያጣብቅልሃል። ፓዶቹ እርጥብ ሆነው እስኪያብረቀርቁ ቀባ። አትሰስት። ሥራው መሃል ላይ ጭሱ ቆሞ ፍላክሱ ከደረቀ እንደገና ጨምር። የቧንቧ ሠራተኞች የሚጠቀሙበትን አሲድ ያለውን ፍላክስ ግን አደራ አትጠጋው። መዳቡን ቀስ እያለ ይበላዋል። የኤሌክትሮኒክስ መሆኑ የተጻፈበትን ብቻ ግዛ። ስትጨርስ ቦርዱን በ99 በመቶ አይሶፕሮፒል አልኮልና በለስላሳ ብሩሽ እጠበው። ዓይነቱ መታጠብ የማይፈልግ ቢሆንም እጠበው እላለሁ። የፍላክስ ቅሪት ጥሩ ያልሆነ ብየዳን ይሸፍናል።

ስለ እጅህ ደግሞ። የሁሉም ሰው እጅ ይንቀጠቀጣል። እጅ የሚታረመው ዓይን ባየው ልክ ነው። አጉልተህ ስታይ እንቅስቃሴህ ከጠበቅኸው በላይ ይሰክናል። ከ3 እስከ 5 እጥፍ የሚያጎላ በጭንቅላት የሚታሰር ማጉያ ለ0603 ይበቃል። አቅም ካለህ በሁለት ዓይን የሚታየው ማይክሮስኮፕ ሌላ ዓለም ነው። ስትገዛ ብዙ እጥፍ ማጉላቱን ሳይሆን ከሌንሱ እስከ ቦርዱ ያለውን ክፍተት ጠይቅ። አይረንና ወረንጦ የሚያስገባ፣ ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ባዶ ቦታ ያስፈልግሃል። የስልክ ካሜራ ለምርመራ በጣም ጥሩ ነው። በእሱ እያዩ መበየድ ግን ያስቸግራል፤ ምስሉ ትንሽ ዘግይቶ ስለሚመጣ እጅህና ዓይንህ አይገናኙም።

ቦርዱ ደግሞ አይንቀሳቀስ። በመያዣ አስረው ወይም ጠረጴዛው ላይ ለጥፈው። መዳፍህን ጠረጴዛው ላይ አሳርፍ፤ ትንሿን ጣትህን ቦርዱ ላይ ወይም መያዣው ላይ ደገፍ አድርጋት። ክንድህ አየር ላይ ከተንጠለጠለ ማንም ሰው አይችለውም። አይረንም ስትመርጥ ወደ ጫፉ ጠጋ ብለህ ልትይዘው የምትችለውን ምረጥ። ከእጀታው እስከ ጫፉ ያለው ርቀት ሲያጥር መንቀጥቀጡም ያንሳል።

0603 ሬዚስተሩን እንዲህ አድርገህ በይደው። ሁለቱንም ፓዶች ፍላክስ ቀባ። አንደኛው ፓድ ላይ ብቻ ትንሽ ሶልደር አቅልጥ፤ ጉብ ሳይል ፓዱን የሚሸፍን ይሁን። ቀኝ እጅ ከሆንክ የቀኙን ፓድ ምረጥ። ሬዚስተሩን በወረንጦ ጎንና ጎኑን ያዝ፣ ከፓዶቹ አጠገብ አድርገው። አይረኑን ሶልደሩ ያለበት ፓድ ላይ አሳርፍ። ሶልደሩ ሲቀልጥ ሬዚስተሩን በጎን አንሸራተህ አስገባው፤ ከላይ ወደ ታች አትጫነው። ልክ ሲገባ መጀመሪያ አይረኑን አንሳ። ወረንጦውን ግን አትልቀቅ፤ አንድ ሁለት ሰከንድ ጠብቅ። ይህቺን መጠበቅ የሚዘልላት ሰው ነው ክፍሉ ተከትሎ የሚነሳበት።

አሁን ክፍሉ ተይዟል። ከጎን እየው። ቦርዱ ላይ ተኝቷል ወይስ አንድ ጎኑ ብድግ ብሏል? ካልተኛ አሁኑኑ አስተካክለው፤ ሁለተኛው ጎን ከተበየደ በኋላ ይከብዳል። ከዚያ ወደ ሌላው ጎን ሂድ። እዚህ ሽቦውን በቀጥታ አቅርብ፤ አይረኑ ፓዱንና የክፍሉን ብረት አንድ ላይ ይንካ፣ ሽቦውን ጫን አድርገህ አንሳ። መጨረሻ ላይ ወደ መጀመሪያው ጎን ተመልሰህ ትንሽ ፍላክስ ጨምረህ አንዴ አቅልጠው። ያ የመጀመሪያው ብየዳ ክፍሉን እንዲይዝልህ ብቻ የተሠራ ነው፤ ሳይታደስ አይቅር። ጥሩ ብየዳ ከፓዱ ተነስቶ ወደ ክፍሉ ጫፍ የሚወጣ ጎድጎድ ያለ ተዳፋት አለው። ከሆዱ የተነፋ ከሆነ ሶልደሩ በዝቷል ወይም አልተዘረጋም።

የሴራሚክ ካፓሲተሮችን በተመሳሳይ መንገድ በይድ፤ ግን የአይረኑን ጫፍ አካላቸው ላይ አታሳርፍ። ድንገተኛ ሙቀት ወይም የቦርድ መታጠፍ ውስጣቸውን ይሰነጥቃል። ስንጥቁ ከውጭ አይታይም። ቆይቶ ሾርት ሆኖ ይመጣል። ሌላም ነገር አለ፤ እነዚህ ካፓሲተሮች አብዛኛውን ጊዜ ላያቸው ላይ ምንም አልተጻፈም። ከመጡበት ጥቅል የምታወጣቸው በምትበይድበት ሰዓት፣ አንድ እሴት ብቻ በአንድ ጊዜ ይሁን። ዳዮድና ኤልኢዲ አቅጣጫ ስላላቸው ከመበየድህ በፊት በመልቲሜትር ፈትሽ።

አይሲው የምትፈራውን ያህል አይከብድም። በ0.5 ሚሊ ሜትር የሚራራቁ ፒኖችን አንድ በአንድ ለመበየድ አትሞክር። ፒኑ ራሱ 0.2 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። እዚያ ላይ የምትተማመነው እንደገና በሶልደሩ ጠባይ ነው፤ መዳብ ላይ ይዘረጋል፣ በፓዶቹ መካከል ያለው ቀለም ላይ አይዘረጋም።

መጀመሪያ ፒን 1 የት እንዳለ አረጋግጥ። ቺፑ ላይ ያለው ነጥብ ምልክቱ ነው፤ አንዳንድ ቺፖች ግን ሁለት ክብ ጎድጓዶች ስላሏቸው ዳታሺቱን (የአምራቹን መግለጫ ሰነድ) አይተህ ወስን። አራቱንም ጎን ፍላክስ ቀባ፣ ቺፑን አስቀምጥ፣ በወረንጦ ገፋ ገፋ እያደረግህ አሰልፈው። አራቱንም ጎን እይ። በአንድ ጎን ልክ መስሎ በሌላው በግማሽ ፒን ሊዛነፍ ይችላል። ልክ ሲሆን የአንድ ጥግ አንድ ፒን ብቻ ያዝ። እንደገና አራቱንም ጎን እይ። ቀጥሎ ተቃራኒውን ጥግ ያዝ። አሁንም እይ። እዚህ ላይ የምታጠፋው ጊዜ አይቆጭህም፤ ሁለቱ ጥግ ብቻ ተይዞ ሳለ ማረም ቀላል ነው፣ ሁሉም ከተበየደ በኋላ ግን ቺፑን ማንሳት ሊጠይቅህ ነው።

ከዚያ ሌላ ፍላክስ ጨምር። ጠፍጣፋው ጫፍ ላይ ትንሽ ሶልደር ያዝና የፒኖቹ ጫፍና ፓዱ የሚገናኙበት ላይ አሳርፈህ ቀስ ብለህ በረድፉ ላይ ጎትተው። አትጫን፤ ፒኖቹ ይታጠፋሉ። እያንዳንዱ ፒን የሚፈልገውን ያህል ከጫፉ ላይ ይወስዳል። መጨረሻዎቹ ሁለት ሦስት ፒኖች ቢያያዙ አትደንግጥ፤ የተረፈው ሶልደር እዚያ ስለሚጠራቀም ነው። ፍላክስ ጨምር፣ ጫፉን አጽዳ፣ የተያያዘውን ነክተህ ከቺፑ ወደ ውጭ ሳብ። ንጹሁ ጫፍ ትርፉን ይወስደዋል። እምቢ ካለ የመዳብ ጥልፉን፣ ማለትም ሶልደር ዊኩን ፍላክስ ቀብተህ ላዩ ላይ አድርግ፣ አይረኑን በጥልፉ ላይ አሳርፍ። ሶልደሩ ሲመጠጥ ጥልፉንና አይረኑን አንድ ላይ አንሳ። አይረኑን ቀድመህ ካነሳህ ጥልፉ እንደተጣበቀ ይቀዘቅዛል፤ ስትጎትተው ሌላ ፓድ ይዞብህ ይመጣል።

አንድ ፒን ብቻ ለብቻው ሙቀት አልቀበል የሚል ከሆነ ብዙ ጊዜ ከግራውንድ (ከቦርዱ የጋራ ዜሮ ቮልት መስመር) ጋር የተያያዘው ነው። ከስሩ ያለው ሰፊ መዳብ ሙቀቱን ይጠጣዋል። እዚያ ጫፉን ትንሽ ቆየት አድርገው፤ ሰፋ ያለ ጫፍ ካለህም ያኔ ተጠቀምበት።

ሆት ኤር ልግዛ ላልከው፣ ለዚህ ቦርድ አያስፈልግህም። ገንዘቡን ለጥሩ ፍላክስ፣ ለጫፍና ለማጉያ አውለው። ሆት ኤር ግድ የሚሆነው ፓዱ ከሆዱ ስር የተደበቀ ቺፕ ሲመጣ ነው፤ ኪው ኤፍ ኤን እና ቢ ጂ ኤ የሚባሉት ዓይነት። የተበየደን አይሲ ለማንሳትም በጣም ይረዳል። ያኔ ስትገዛ ነፋሱን ዝቅ አድርገህ ጀምር፤ ካልሆነ ሬዚስተሮችህን ከቦርዱ ላይ ጠርጎ ይወስዳቸዋል። ከእሱ ጋር የምትጠቀምበት የሶልደር ፔስት (የሶልደር ዱቄትና ፍላክስ ድብልቅ) ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጥ። ከመክፈትህ በፊት ወደ ክፍሉ ሙቀት እስኪመለስ ተወው፤ ቀዝቃዛውን ከከፈትከው ከአየር እርጥበት ይስባል፣ ሲሞቅ ይረጫል።

ለሚቀጥለው ቦርድህ ክፍል ስታዝ ስለ ቁጥሮቹ ተጠንቀቅ። አንተ የያዝከው 0603 በኢንች የተሰየመ ነው፤ 1.6 በ0.8 ሚሊ ሜትር። በሜትሪክ አሰያየም ግን 0603 ማለት 0.6 በ0.3 ሚሊ ሜትር ነው፤ እሱ በኢንች 0201 የሚባለው ነው። በእጅ ለመበየድ በጣም ያስቸግራል። ሁልጊዜ ዳታሺቱ ላይ ያለውን የሚሊ ሜትር ልኬት እይ። ቦርዱን የምትነድፈው ራስህ ከሆንክ ቦታ እስካለህ ድረስ 0805 ተጠቀም፤ 2.0 በ1.25 ነው። ፓዶቹንም ከክፍሉ ጫፍ ትንሽ ረዘም አድርጋቸው፤ የአይረኑ ጫፍ የሚያርፍበት ቦታ ያገኛል።

መብራት ከመስጠትህ በፊት ቦርዱን አጥበህ፣ አዘንብለህ፣ በማጉያ እይ። ከፒኖቹ ጀርባ፣ ወደ ቺፑ ሆድ የተደበቀ መያያዝ ከላይ አይታይም። በቀጭን መርፌ እያንዳንዱን ፒን ከጎን በጣም በስሱ ነካ አድርግ፤ የሚነቃነቅ ካለ አልተበየደም። ከዚያ በመልቲሜትር በኃይል መስመሩና በግራውንዱ መካከል ሾርት አለመኖሩን ፈትሽ። ካፓሲተሮች እስኪሞሉ ለቅጽበት ሊጮህ ይችላል፤ ጩኸቱ ካላቆመ ግን መብራት አትስጥ።

ጭሱን በተመለከተ፣ የምታየው የፍላክስ ጭስ ነው። እርሳስ በዚህ ሙቀት እዚህ ግባ በሚባል መጠን አይተንም። ቢሆንም በፍላክሱ ውስጥ ያለው የዛፍ ሙጫ፣ የሮዚን፣ ጭስ ደጋግሞ ሲተነፍሱት አስም ሊያመጣ ስለሚችል በትንሽ ፋን ከፊትህ ሳበው። እርሳስ ወደ ሰውነት በዋናነት የሚገባው ከእጅ ወደ አፍ ነው፤ ምግብ ከመንካትህ በፊት በሳሙና ታጠብ።

የተላቀቀው ፓድ ቀርቷል። ቦርዱን አትጣለው። መጀመሪያ ያ ፒን ከምን ጋር እንደሚገናኝ የሰርኪዩቱ ሥዕል ላይ እይ፤ ከምንም ጋር ካልተገናኘ እንዲሁ ተወው። የሚገናኝ ከሆነ ከፓዱ የሚነሳውን የመዳብ መስመር ተከተልና ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ላዩ ላይ ያለውን ቀለም በስለት ፋቅ ፋቅ አድርግ። መዳቡ ሲታይ ፍላክስ ቀብተህ ሶልደር አልብሰው። 0.1 ሚሊ ሜትር የሚሆን በቫርኒሽ የተሸፈነ የመዳብ ሽቦ ውሰድ፤ የጫፉን ቫርኒሽ ቀለጥ ባለ የሶልደር ጠብታ ውስጥ አቃጥለህ አንሳ፣ ካልተነሳ በስለት ፋቀው። አንዱን ጫፍ በመስመሩ ላይ፣ ሌላውን በፒኑ ላይ በይድ። በመልቲሜትር መገናኘቱን ካረጋገጥክ በኋላ ሽቦውን በትንሽ ኢፖክሲ ቦርዱ ላይ አጣብቀው። ይህን መጨረሻ ላይ ሥራው፤ አይሲው አራቱም ጎን ተበይዶ ከታጠበ በኋላ ፒኑ አይንቀሳቀስብህም።